ሶኬት ነቅሎ የሚሄድ ሌባ

ሦስቱ ጎጆዎች ወለሉ ላይ ተቀምጠዋል። ሰንሰለቶቻቸው የሉም።

ባለሆቴሉ ኮርኒሱን እያየ ይጮኻል። ዲዛይነሩ ወለሉን ያያል። መርማሪዋ በሩ ላይ ቆማ የትኛውን አስቀድማ እንደምታናግር ታስባለች። ከነጋ ሻይ እንኳ አልቀመሰችም።

«ምንድን ነው የጠፋው?» አለች።

«ጽንሰ ሐሳቡ!» አለ ዲዛይነሩ።

«የሚጨበጥ ነገር ንገረኝ፣ ወንድሜ።»

«ሰንሰለት። ሦስት የብረት ሰንሰለት። ትናንት እዚህ ካርቶን ውስጥ ነበሩ።»

ክፍሉ የሆቴሉ ናሙና ሳሎን ነው። ሆቴሉ በሙሉ ከመሠራቱ በፊት አንድ ክፍል ተሠርቶ ይታይ ተብሎ ነው። የባለሆቴሉ ሸሪኮች ከሰዓት በኋላ ይመጣሉ። ከወደዱት የሆቴሉ ሥራ የዲዛይነሩ ነው። ካልወደዱት ደግሞ የሦስት ወር ልፋቱ ውሃ በላው ማለት ነው።

ሳሎኑ ውስጥ ወንበር የሚባል ነገር የለም። እንግዳው የሚቀመጠው ከሸምበቆ በተሠራ፣ ከኮርኒሱ በሚንጠለጠል ትልቅ የወፍ ጎጆ ውስጥ ነው። ግድግዳው ላይ በወርቅማ ፊደል «እዚህ እንግዳው ከምድር ይለያል» ተብሎ ተጽፏል።

መርማሪዋ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«ሌባው ዘበኛው ነው» አለ ባለሆቴሉ። «ቁልፉ ያለው እሱ ጋ ነው። በጠዋት ጣቢያ አስገብቼዋለሁ። እርስዎ ሰንሰለቱን ብቻ ያውጡልኝ።»

«ሥራውን ከጨረሱልኝማ እኔ ለምን መጣሁ?»

ክፍሉን ዞረች። ባየች ቁጥር ነገሩ ያበሽቃት ጀመር። የቆሙት መብራቶች በሙሉ ከሶኬት ተነቅለዋል። ገመዶቻቸው ተጠቅልለው በቀይ የሱፍ ክር ታስረዋል። የምንጣፉ ጠርዝ የተነሣበት ቦታ ላይ ትልቅ የአበባ ማስቀመጫ ተጭኖበታል። ሻማዎቹ ከመጋረጃው እንዲርቁ ተደርገው ውሃ ያለበት ሳህን ውስጥ ቆመዋል። መቀሱ ሳይቀር አፉን ወደ ታች አድርጎ ብርጭቆ ውስጥ ገብቷል።

«ይሄን ያደረግኸው አንተ ነህ?»

«እኔ በምሳ ሰዓት ማተሚያ ቤት ሄጄ አልተመለስኩም። ኤሌክትሪክ ሠራተኞቹ ይሆናሉ» አለ ዲዛይነሩ፣ ልብ ብሎ ሳያይ።

«ሌባ ሶኬት ነቅሎ ይሄዳል?»

«እባክዎ ኢንስፔክተር» አለ ባለሆቴሉ፣ «አሁን ደግሞ ሌባው ጨዋ ነው ሊሉኝ ነው?»

ዘበኛው ጣቢያው አግዳሚ ላይ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ተቀምጠዋል። ሽማግሌ ናቸው። ያደሩበትን ካፖርት እንኳ አላወለቁም።

«ትናንት ከምሳ በኋላ ማን ገባ?»

«ማንም።»

«ሠራተኞቹስ?»

«ከምሳ በፊት ወጡ። ከዚያ ወዲህ ዝንብ አልገባችም።»

«ታዲያ ሰንሰለቱ በረረ?»

«የወፍ ጎጆ ነው ይላሉ። እኔ ምን ዐውቃለሁ?»

«አባባ፣ ቀልድ ላይ አይደለሁም።»

«እኔም እስር ላይ ነኝ፣ ልጄ።»

መርማሪዋ ግንባሯን አሸች። ሽማግሌው ትንሽ አሰቡና፣ «ያ መነጽራሙ ዲዛይነር ከትናንት ወዲያ መስኮቱ ሥር ቆሞ ሲሥቅ ነበር» አሉ።

መነጽራሙ ይኸንኑ ሆቴል ለመሥራት ተወዳድሮ የተሸነፈ ሰው ነው። መርማሪዋ ስታገኘው አንድ መዋኛ ገንዳ ጠርዝ ላይ ቆሞ ሰቆች ያስለጥፍ ነበር። ትናንትም ቀኑን ሙሉ እዚያው እንደዋለ ሠራተኞቹ ሁሉ መሰከሩለት።

«እኔ ያን ነገር ልስረቅ?» አለ ከት ብሎ እየሣቀ። «እኔ የምመኘው እንዲሰቀልለት ነው! ሸሪኮቹ ሰማንያ ሰማንያ ኪሎ ይዘው ጎጆ ውስጥ ሲገቡ ቆሜ ባይ ደስታዬ ነው።»

ይኼም አልሆነም። ሰዓቱ ይሄዳል። ባለሆቴሉ በየደቂቃው ይደውላል። የቀራት የሰንሰለቱን ሥዕል ይዞ ብረት ገዢዎቹ ዘንድ መጠየቅ ነው። ሥዕሉ ደግሞ ዲዛይነሩ ቤት ነው። አብራው ሄደች።

በሩን ገርበብ አድርገው የከፈቱት እናቱ ናቸው። የፖሊስ ልብሱን ሲያዩ ፊታቸው ዐመድ ሆነ።

«ሞተ?» አሉ።

«ማን?»

«ልጄ!»

«እማዬ፣ እዚህ ነኝ» አለ ዲዛይነሩ ከመርማሪዋ ኋላ፣ ይኼን ሺህ ጊዜ እንዳለ ሰው። ሥዕሉን ሊያመጣ ወደ ውስጥ ገባ።

እናትየዋ መርማሪዋን ከእግሯ እስከ ራሷ አዩዋት። «ሽጉጡ ተቆልፏል? ወደ ልጁ ክፍል አታዙሪው። እዚያ አትቀመጪ፣ መደርደሪያው ይወድቃል።»

«ወድቆ ያውቃል?»

«እስካሁንማ አልወደቀም። ሻይ ላምጣልሽ፤ ፊትሽ ገርጥቷል። ደም ማነስ ነው፣ ተመርምረሻል?»

ሻዩ መጣ። መርማሪዋ በጉጉት ፉት አለችው። ውሃ ሆኗል።

«እንዳያቃጥልሽ አብርጄዋለሁ» አሉ እናትየዋ።

መርማሪዋ ብርጭቆውን ጠረጴዛው ላይ ልታስቀምጥ ስትል እጇ አየር ላይ ቀረ። የጠረጴዛው አራት ማዕዘኖች በስፖንጅ ተጠቅልለዋል። ቴሌቪዥኑ ከሶኬት ተነቅሏል። የካውያው ገመድ ተጠምጥሞ በቀይ የሱፍ ክር ታስሯል። መስኮቱ ላይ ባለው ብርጭቆ ውስጥ መቀስ አፉን ወደ ታች አድርጎ ቆሟል።

ስልኳን አውጥታ ጣቢያ ደወለች። ዘበኛውን አቅርቡልኝ አለች።

«አባባ፣ የዲዛይነሩ እናት ትናንት መጥተው ነበር?»

«አዎ፣ ምሳውን ሊያደርሱለት። እሱ ሄዶ ነበር እንጂ።»

«ማንም አልገባም አላሉኝም?»

«እንዴ! እሳቸውማ እናቱ ናቸው! በየቀኑ ነው የሚመጡት።»

«ዘንቢል ይዘው ነበር?»

«እስከ ታክሲ ድረስ የተሸከምኩላቸው እኔ ነኝ። ድስት ነው ብለውኛል። ምን ያለ ድስት እንደሆነ እንጃ፣ ወገቤን ነው የቆረጠኝ።»

መርማሪዋ ስልኩን ዘጋች። ዲዛይነሩ ሥዕሉን ይዞ በሩ ላይ ደርሷል።

«እማማ፣ ሰንሰለቱ የት ነው?»

«አልጋ ሥር» አሉ እናትየዋ፣ ስለ ጨው እንደተጠየቁ ሁሉ። «በብርድ ልብስ ጠቅልዬዋለሁ። እግር ላይ ቢወድቅ ይሰብራል።»

«እማዬ!»

«አትጩህ፤ ደም ግፊት በዘር ነው።»

«ያን ሁሉ ልፋቴን! ሥራዬን ነው የሰረቅሽኝ! ለምን?»

«ነግሬሃለሁ እኮ! ኮርኒስ ላይ በታሰረ አንድ ቀለበት ሰው ይንጠለጠላል? ይወድቃል፣ ሰው ይሞታል፣ አንተ ትታሰራለህ፣ እኔ ስንቅ ሳመላልስ እሞታለሁ። ይሄው ነው። ሰንሰለቱ ከጠፋ ደግሞ ሐሳብህን ትቀይር ይሆናል ብዬ ነው። አራት እግር ያለው ወንበር ምን ጎደለው?»

«ስለ ምንጣፉም ነግረሽኛል! ስለ ሻማውም፣ ስለ መጋረጃውም፣ ስለ ማንቆርቆሪያውም ነግረሽኛል! የቱን ልስማ?»

«ሁሉንም።»

ልጁ ግንባሩን ከግድግዳው ጋር አጋጨ። እናትየዋ ስፖንጅ ፍለጋ ይመስል ዙሪያቸውን ቃኙ።

«እማማ» አለች መርማሪዋ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «በእርስዎ የተነሣ ዘበኛው ታስረዋል።»

«የቱ ዘበኛ?»

«ዘንቢልዎን የተሸከሙልዎ።»

እናትየዋ ቀስ ብለው ተቀመጡ። የተቀመጡት ያ መደርደሪያ ሥር ነው።

«ይሄን አላሰብኩትም» አሉ። «ክፉ ነገር ሁሉ በሐሳቤ መጥቷል፤ ይሄ ግን አልመጣልኝም።» ነጠላቸውን አነሡ። «ተነሺ፣ እንሂድ። እኔን እሰሪና እሳቸውን ልቀቂ።»

ናሙናው ሳሎን ሲደርሱ ሸሪኮቹ ሊመጡ ጥቂት ቀርቷቸዋል። ባለሆቴሉ ሙሉ ልብስ ለብሷል። የልጅ ልጁ ነጭ ቀሚስ ለብሳ ጎጆዎቹን ትዞራለች፤ ሸሪኮቹ ሲገቡ መሐለኛው ውስጥ ተቀምጣ ፎቶ እንድትነሣ ነው። ሠራተኞቹ በተመለሰው ሰንሰለት ሦስቱንም ሰቀሏቸው። ዘበኛው ከእስር ወጥተው በሩ ላይ ቆመዋል፤ ማንም ይቅርታ አላላቸውም።

ሕፃኗ ወደ መሐለኛው ጎጆ ስትሮጥ እናትየዋ ቀሚሷን ያዙ።

«እማዬ፣ በፈጠረሽ!» አለ ዲዛይነሩ።

መርማሪዋ ትዕግሥቷ አለቀ። «አንድ ጆንያ አሸዋ አምጡ። ጎጆው ላይ ይጫን። ይዩትና ይረፉ፤ እኔም ልረፍ።»

አሸዋው ተጫነ። ጎጆው ንቅንቅ አላለም።

«አየሽ?» አለ ዲዛይነሩ።

«አሸዋ ዝም ብሎ ይቀመጣል» አሉ እናትየዋ። «ልጅ ግን ይወዛወዛል።»

ባለሆቴሉ ሰዓቱን አየ። ዲዛይነሩ ዓይኑን ጨፈነ። መርማሪዋ በረጅሙ ተነፈሰችና ጎጆውን በመዳፏ ገፋ አደረገችው።

ጎጆው ሄደ፣ መጣ። ደግሞ ሄደ። ከላይ ቀጭን የሲጥሲጥታ ድምፅ ተሰማ። ባለሆቴሉ ትከሻ ላይ ነጭ ዱቄት ረገፈ።

ከዚያ ቀለበቱ ከነኮርኒሱ ቁራጭ ተነቅሎ መጣ። ጎጆው ወለሉ ላይ ተፈጠፈጠ። ጆንያው ፈነዳ። አሸዋው እስከ ሕፃኗ ጫማ ድረስ ፈሰሰ።

ባለሆቴሉ ልጅቷን አቅፎ አነሣ።

መርማሪዋ ቀዳዳውን ቀና ብላ አየች። «ይሄ ቀለበት የታሰረው ስስ ኮርኒስ ላይ ነው። ከላይ ብረት የለውም?»

«የኮርኒሱን መስመር ያበላሽብኝ ነበር» አለ ዲዛይነሩ። ድምፁ አይሰማም ማለት ይቻላል። «ምንም እንዲታይ አልፈለግኩም።»

«ክስ አለዎት?» ስትል ባለሆቴሉን ጠየቀችው።

«በማን ላይ?» አለ፣ ዲዛይነሩን እያየ። መልስ ሳይጠብቅ ስልኩን አወጣና ሸሪኮቹን ዛሬ እንዳይመጡ ነገራቸው። ጉብኝቱ ይሰረዝ አላለም፤ ለሌላ ቀን ይሁን ነው ያለው። ከዚያ በሩ ድረስ ሄዶ የዘበኛውን እጅ ጨበጠ።

እናትየዋም ዘበኛው ዘንድ ሄዱ። «ይማሩኝ። ወገብዎንም ስምዎንም ጎዳሁት።»

«ምንም አይደል፣ እትዬ። ከዛሬ ጀምሮ ግን ዘንቢልዎን እፈትሻለሁ።»

«ይፈትሹ። ደግሞ ለወገብዎ ሐኪም ይዩ፤ ኩላሊት ሊሆን ይችላል።»

ሁሉም እናትየዋ «ነግሬያችሁ ነበር» እንዲሉ ጠበቁ። አላሉም። ቀና ብለው ሁለቱን የቀሩ ጎጆዎች እያዩ ነበር።

«እነዚያስ?» አሉ።

ዲዛይነሩ ሁለቱን ሊያወርድ መሰላል ጎትቶ አመጣ። አንድ እግሩን መሰላሉ ላይ አደረገ። ከዚያ ቆመ፤ ፊቱን ሳያዞር፣ እንደተሰላቸ ሰው ተነፈሰ።

«ያዢልኝ እንጂ፣ እማዬ።»