ዓረፍተ ነገሬን የሚያርምልኝ ድምፅ

ይሄ ልብ ወለድ አይደለም።

ልብ ወለድ እየጻፍኩ ስለምኖር የሚያምነኝ ሰው ጥቂት እንደሆነ አውቃለሁ። ሚስቴ ኤዱቪና ግን ምስክሬ ናት።

በቺሊዋ የወደብ ከተማ ቫልፓራይሶ፣ ኮረብታው ጫፍ ላይ በተከራየናት ቤት ውስጥ ነው የሆነው። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ... ፀሐይዋ የግድግዳውን ቆርቆሮ እያጋለችው።

የጻፍኩትን ጮክ ብዬ ካላነበብኩት አላምነውም። ዓይን ስህተቱን ያልፈዋል፣ ጆሮ ግን ይይዘዋል። ስለዚህ ፎቁ ላይ ጠረጴዛዬን ግድግዳው ሥር አስጠግቼ፣ እያነበብኩ ነበር የምጽፈው።

ባሏን ባሕር የበላባት ሴት ታሪክ ነበር። አንድ ቦታ ላይ አላላውስ ካለኝ ሰነባብቷል።

«ሴትየዋ አለቀሰች» ብዬ አነበብኩ።

«አላለቀሰችም።»

ከግድግዳው ወዲያ... በሹክሹክታ።

እጄ ቀጥ አለ።

«ሁለት ሳህን አቀረበች» አለ ድምፁ።

የጎረቤት ቀልድ መሰለኝ። ግን ከእኔ ዓረፍተ ነገር የእሱ ይሻል ነበር... ጻፍኩት። የደረቀበት ጸሐፊ ውሃው ከየት እንደተቀዳ አይጠይቅም።

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እኔ አነባለሁ፣ እሱ ያርማል። ታሪኬ ነፍስ ዘራ።

አንድ ቀን ኤዱቪና ረቂቁን ስታነብ ፊቷ ተለወጠ።

«ኖልቤርቶ... ይቺን ሴት ‹ቁንጫዬ› እያለ የሚጠራት ማነው?»

«አባቷ። ምነው?»

«የእኔም አባት እንዲህ ነበር የሚለኝ። ላንተ ግን ነግሬህ አላውቅም።»

ቃሉን የሰጠኝ ድምፁ ነበር።

በማግስቱ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጬ ምንም አላነበብኩም። ድምፁ ግን አልጠበቀኝም።

«የኋላውን በር ከፈተች...»

ታች፣ በሩ ሲጥጥ ሲል ሰማሁ።

«ጫማዋን አወለቀች...»

አንዱ ጫማ ወለሉ ላይ ወደቀ። ቆየት ብሎ... ሌላው።

«ወደ ጠራት ሄደች።»

እየሮጥኩ ወረድኩ። የኋላው በር የሚያወጣው ወደ በረንዳው ነው። የበረንዳው መከለያ በስብሶ ከወደቀ ቆይቷል፤ ከሥሩ ገደል ነው።

ኤዱቪና ባዶ እግሯን ጫፉ ላይ ቆማለች።

ቀሚሷን ይዤ ጎተትኳት።

«ምን ልታደርጊ ነው?»

«ጠራኸኝ እኮ» አለች ረጋ ብላ። «‹ቁንጫዬ፣ ነይ› አልከኝ።»

አከራያችን ወይዘሮ ኤርሚንዳ ከእኛ ዝቅ ብሎ ባለው ቤት ነው የምትኖረው። ሄጄ ጠየቅኋት።

«ከጠረጴዛዬ ግድግዳ ወዲያ ማነው የሚኖረው?»

ትኩር ብላ አየችኝ።

«ምን ነካህ ልጄ? በዚያ በኩል እኮ አየር ነው።»

ዕለቱን ቤቱን ለቀቅን። ረቂቁን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። አሁን ድምፄን ሳላሰማ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ እንደ ቀድሞው እንዳልሆነ አሳታሚዬ ሳይደብቅ ነግሮኛል። እኔም አውቀዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ከፊት ለፊቱ ኮረብታ ላይ ሆነን ቤቱን አየነው። ግድግዳው ቁልቁል ገደሉ ላይ ነው። ሰው አይደለም፣ ድመት እንኳ የምትቆምበት ቦታ የለውም።

ጠረጴዛዬ በነበረበት ቁመት ላይ ግን ቆርቆሮው ጠቁሯል... ሰው ለዓመታት ጭንቅላቱን እንዳስደገፈበት ግድግዳ።

ኤዱቪና ክንዴን ያዘች።

«አጠገቡ ያለውንስ አየኸው?»

አየሁት።

ሌላ ጥቁረት ነው። አነስ ያለ... ዝቅ ያለ... የኤዱቪናን ጭንቅላት የሚያህል።

ፀሐይ ስታገኘው ያብለጨልጫል። ገና አልደረቀም።