ሰማያዊው ነጥብ

«ሜሪ፣ እንዳትንቀሳቀሺ!» አለች ጠሂራ።

ሁለቱ ጓደኛሞች በጠሂራ አባት ሱቅ ውስጥ ከባንኮኒው ሥር ተጣጥፈው፣ ብርሃን እንዳይገባባቸው ጥቁር ጨርቅ ለብሰዋል። ጠሂራ አባቷ ሐሰተኛ ብር የሚለዩባትን ትንሽ መብራት ይዛለች። በመብራቱ ሥር ባለው ወረቀት ላይ ከዱር እሬት ያወጧቸው ሁለት ነጥቦች ያበራሉ፤ የታችኛው ቢጫ፣ የላይኛው ሰማያዊ። ጠሂራ ግን ዓይኗ የተተከለው ሌላ ነገር ላይ ነበር። ሜሪ ጉልበት ሥር የወደቀው ነጭ የቴትሮን ጨርቅ ቁራጭ ልክ እንደ ነጥቡ ሰማያዊ ሆኖ ቦግ ብሏል።

«ምን ሆንሽ? ጂኒ አየሽ እንዴ?»

«እሬቱን ያጠለልነው በዚህ ጨርቅ ነው።»

«እና?»

ጠሂራ ቁራጩን አንስታ ወደ መብራቱ አስጠጋችው።

ይህን ሥራ ማንም አላስተማራትም። ከስልኳ ቪዲዮ እያየች፣ እየደፋችና እያቃጠለች ነው የቻለችው። ከእንጦጦ ገደል ሥር የለቀሙትን እሬት በአልኮል ዘፈዘፉ፤ አጠለሉ፤ ከወረቀቱ ግርጌ አንድ ጠብታ አኖሩ። አልኮሉ ወረቀቱን ሽቅብ ሲወጣ በእሬቱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ንጥረ ነገር በየራሱ ከፍታ ላይ ጥሎት ያልፋል። ቢጫውን አውቀውታል። የኬሚስትሪ መምህራቸው ካመጡላቸው፣ አሎይን ከሚባለው ንጹህ የእሬት ንጥረ ነገር ጎን ሲያስኬዱት እኩል ወጣ፣ እኩልም አበራ። ሰማያዊው ግን ከምንም አልገጠመም። ለነገው የክፍለ ከተማ ውድድር ያስመረጣቸውም እሱ ነው። ያሸነፈ ክረምቱን በዩኒቨርሲቲ ላብራቶሪ ይሠራል።

«እስካሁን ስም ያልወጣለት ሊሆን ይችላል» ብላ ነበር ጠሂራ በክፍሉ ፊት፣ አንገቷን ቀና አድርጋ።

ያኔ ኢርፋን ከኋላ እጁን አውጥቶ ተነሳ። «ያለ እሬቱስ ሞክረሽዋል?»

«አንተን ያለ ጭንቅላት እንደሞከሩህ?» አለችው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኢርፋን ቀስ ብሎ ተቀመጠ።

አሁን አዲስ ብርጭቆ አነሳች። ንጹህ አልኮል ቀዳች፤ ጨርቁን ብቻ ነከረችበት። እሬት የሚባል አላስጠጋችም። ጠብታውን ወረቀት ላይ አኑራ መጠበቅ ጀመረች።

«ጠሂራ! መብራቴን!» አሉ አባቷ ከላይ። «ደንበኛ ቆሞብኛል!»

«አባዬ፣ አስር ደቂቃ!»

«መርካቶ ውስጥ አስር ደቂቃ አንድ ዓመት ነው!»

መብራቱን ሰጥታ፣ ደንበኛው እስኪሄድ ጠብቃ መልሳ ተቀበለች። ጥቁሩን ጨርቅ ለብሳ አበራችው። ሰማያዊው ነጥብ እዚያው ከፍታ ላይ ተቀምጧል። ከእሬቱ ሳይሆን፣ ፋብሪካው ቴትሮኑን ነጭ ለማስመሰል ከሚቀባው ነገር የመጣ ነበር።

ሜሪ ቀድማ ተናገረች። «ማንም ነቄ አይልም። ዳኞቹ ቴትሮን ይዘው አይመጡ!»

«እኔ ይዤላቸው እሄዳለሁ።»

«አታካብጂ በናትሽ! ሰማያዊው ከሌለ በምን እናሸንፋለን? ቢጫውንማ ማንም ያገኘዋል።»

እውነቷን ነው። ጠሂራ ነጭ ጋውን ለብሳ ላብራቶሪው ውስጥ ስትንጎራደድ በሐሳቧ ስንት ጊዜ አይታለች።

«ብናሸንፍስ?» አለች በመጨረሻ። «ሰማያዊውን እስቲ ከእሬቱ አውጡልን ሲሉን ቴትሮን ልንቀቅልላቸው ነው?»

ሜሪ ላለመሳቅ ታገለች፤ አልቻለችም።

የተረፈውን እሬት በማጥለያ ወረቀት እንደገና አጠለሉት። ቢጫው ወጣ። በቦታው፣ ብቻውን።

ጠሂራ ስልኳን አወጣች። ጻፈች፣ አጠፋች፣ ደግማ ጻፈች፦ «ኢርፋን፣ ያለ እሬቱ ሞከርኩት። ልክ ነበርክ። ያኔ የመለስኩልህ ደግሞ የማይረባ መልስ ነበር።» ዓይኗን ጨፍና ላከችው።

«ኧረ ይሄስ ከእሬቱም ይመራል!» አለች።

ከዚያ ለነገው ውድድር ያዘጋጁትን ሰሌዳ ጉልበቷ ላይ አጋደመች። «አዲስ ንጥረ ነገር» የሚለውን ርዕስ ገነጠለችው። ከጨርቁ ብቻ ነጥቡ የወጣበትን ወረቀት አንስታ መሃል ላይ፣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚያየው ቦታ ላይ አኖረችው። ከሥሩ «እሬት የሌለበት» ብላ ጻፈች።

«እዚያ ፊት ለፊት?» አለች ሜሪ።

«እዚሁ።»

ሜሪ በረጅሙ ተነፈሰች። ከዚያ ፕላስተሩን በጥርሷ ቆርጣ አቀበለቻት።