አባትሽ ምን ሰጠው?

«ወንድሜ ከሞተ የገደለው አባትሽ ነው!»

ሱምያ ይህን የጮኸችው ትምህርት ቤቱ በር ላይ፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማ ነው። ጓደኛዋ ሔራን ክንዷን ልትይዛት ስትል ሱምያ መነጨቀቻት።

«ሱሚ፣ እስቲ ተረጋጊ…»

«ሱሚ አትበይኝ! ዶክተሩ ምን እንዳለ ታውቂያለሽ? ቁስሉ ውስጥ ያለው ባክቴሪያ እንደ ፓምፕ የሚሠራ ነገር ሳይኖረው አይቀርም። መድኃኒቱ ሲገባበት መልሶ ወደ ውጭ ይተፋዋል። አንድ ዓይነት ብቻ እንዳይመስልሽ፤ ስንቱን! ‹በፊት ምን ምን ወስዷል?› ሲለን ምን እንበለው? አባትሽ በወረቀት ጠቅልሎ ነው የሰጠን፤ ስም የለው፣ ምን የለው!»

የሱምያ ታናሽ ወንድም አብዱልበሲጥ ጣና ዳር ሲዋኝ እግሩን ስለት ቆረጠው። ቁስሉ ባመረቀዘ ቁጥር እናቱ የሚወስዱት ግሽ አባይ ሰፈር ወዳለው የሔራን አባት መድኃኒት ቤት ነበር። አቶ ክንዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አንዴ ከአንዱ፣ አንዴ ከሌላው ጥቂት ፍሬ እየቆረጡ ሲሰጡ ሔራን በዓይኗ አይታለች። አሁን ልጁ ሆስፒታል ተኝቷል።

በቀጥታ ወደ አባቷ መድኃኒት ቤት ሄደች።

«አባዬ፣ ለአብዱልበሲጥ የሰጠኸውን ለሐኪሙ እንንገረው። የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራ የሚያሳየው የላቦራቶሪ ውጤት እስኪደርስ በግምት ነው የሚያክሙት።»

«ማን ነው የላከሽ?»

«ማንም። ስትሰጠው አይቻለሁ።»

አቶ ክንዱ ባንኮኒውን በጥፊ መቱት። «አላየሽም! እናቱ እያለቀሰች ስትለምነኝ አዝኜ ሰጠሁ። ዛሬ ሱቄን ያሽጉብኝ? አንዲት ቃል ከተነፈስሽ እዚህ ቤት እግርሽ እንዳይረግጥ!»

ከመደርደሪያው ፊት ቆማ ቀረች። ዘወትር አቧራውን የምትጠርገው እሷ ናት፤ የትኛው መድኃኒት የት እንዳለ ጠንቅቃ ታውቃለች። ከየትኛው እንደቆረጡለትም አልጠፋትም። አባቷ ጀርባቸውን ሰጧት። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣችና ባጃጅ አስቆመች።

ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ የሱምያ እናት ወይዘሮ ዘይነት ገና ሲያዩዋት ብድግ አሉ።

«ደግሞ ምን ልታዪ መጣሽ? የቀረ ነገር አለ?»

ሱምያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። በዚህ መሀል ዶክተሩ ከክፍሉ ብቅ አለ።

«የቤተሰቡ ልጅ ነሽ?»

ጓደኛው ነኝ ብትል፣ ጎረቤት ነኝ ብትል ማንም ምንም አይላትም ነበር።

«የመድኃኒት ቤቱ የአቶ ክንዱ ልጅ ነኝ» አለች። «አባቴ የሰጠውን ልነግርዎት ነው።»

ዶክተሩ እስክሪብቶውን ከኪሱ አወጣ። ሱምያ ግን አልዞረችም።

«መጀመሪያ አሞክሳሲሊን ነው» አለች ሔራን። «ሳይጨርሰው ሲፕሮ ተሰጠው። ከዚያ ደግሞ…»