አየር የተነፈገች ክፍል

የፀረ ተባይ መድኃኒት ረጪው በፖም ሣጥኖች መሀል ተጋድሞ ነበር። ሬሳውን ጠዋት ያገኘው የእርሻው ሥራ አስኪያጅ መርማሪዋን፣ ማሽኑ ጠፍቶ አየር ወደገባባት ትንሽ ማቀዝቀዣ ክፍል አስገባት።

«ፖሙ እንዳይበላሽ ማሽኑ ኦክስጅኑን ያወጣዋል» አላት። «ትናንት ከሰዓት፣ ከውጭ አገር የመጣው ገዢ እያየ ነው ያስነሳነው። ይሄ ደግሞ ማታ ሊሰርቅ ገባ። እዚህ የገባ ሰው ወዲያው ነው የሚወድቀው።»

«ጠዋት ሲመጡ በሩ እንዴት ነበር?»

«ከውጭ ተቀርቅሮ።»

መርማሪዋ ጎንበስ አለች። ከሬሳው እግር ሥር እስከ ፍሬያቸው የተጋጡ ፖሞች ተጥለዋል። የሟቹ እጆች ቆዳቸው ተልጧል።

የሟቹን እህት ፖም ከምትመርጥበት ጠረጴዛ አገኘቻት። ዓይኗ አብጧል፤ እጇ ግን ሥራውን አልተወም።

«ዛሬ እንኳን ብታርፊ?»

«ሌላ ሰው ይተኩብኛል።» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ወንድሜ ሌባ አይደለም። ሣጥኑ ላይ ‹ያለ መርዝ የበቀለ› ይላል፤ እሱ ግን መርዙን ሲረጭ ነው እጁ ያለቀው። ትናንት ለገዢው ሊነግረው ነበር።»

«ይህን ማን ያውቃል?»

«እኔና ባለቤቴ ብቻ። ከትናንት ወዲያ እራት ላይ ነው የነገረን።»

ባሏ የማሽኑ ኦፕሬተር ነው።

መርማሪዋ ሦስቱንም መጋዘኑ ውስጥ ሰበሰበቻቸው።

«ኦክስጅን በሌለበት ማንም ተቀምጦ ፖም አይበላም» አለች። «ስለዚህ ሟቹ የገባው ትናንት ከሰዓት ማሽኑ ከመነሳቱ በፊት ነው። ሌባም ከገባ በኋላ በሩን ከውጭ አይቀረቅርም፤ ሰው ነው የዘጋበት። ሠራተኞቹን ጠይቄአለሁ፤ ሥራ አስኪያጁ ትናንት ቀኑን ሙሉ ከገዢው አልተለዩም፤ ሟቹ ሊናገር ማሰቡንም አያውቁም። እህቱ ከጠረጴዛዋ ንቅንቅ አላለችም።» ወደ ኦፕሬተሩ ዞረች። «የቀረኸው አንተ ነህ።»

ኦፕሬተሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«ገዢው እስኪሄድ ብቻ ነበር። ከተናገረ እርሻው ይዘጋል፣ ሁላችንም ሜዳ ላይ እንቀራለን ብዬ። ሣጥን አግዘኝ ብዬ አስገባሁትና ዘጋሁበት። ከሰዓት ገዢው ማሽኑ ሲሠራ ልይ አለ። ሥራ አስኪያጁ ‹አስነሳው› አሉኝ። ሰው አለ እንዳልል አፌ ተያዘ። አሁን ይሄዳል፣ ማሽኑን አጠፋለሁ እያልኩ… አልሄደም። እስኪመሽ አጠገቤ ቆሞ ይጠይቀኛል፣ እመልስለታለሁ።»

«ገዢው ይህን መስማት የለበትም…» ሥራ አስኪያጁ ጀመረ። መርማሪዋ በዓይኗ አስቆመችው።

የሟቹ እህት ወደ ባሏ ተጠጋች።

«በሩን ሲደበድብ ሰማኸው?»

«ማሽኑ ይጮሃል…»

«ሰማኸው ወይ አልኩህ!»

«ሰማሁት» አላት። «ገዢውም ሰማ። ምንድነው የሚንኳኳው ብሎ ጠየቀኝ። ማሽኑ ነው አልኩት።»