የተነቀለ ኬብል

ፀዲ የአጭሩን ኬብል ጫፍ በሻርፗ ጠረገች። አንዱን ጫፍ ከኮምፒውተሩ ሳውንድ ካርድ የድምፅ መውጫ፣ ሌላውን ከዚያው ካርድ መግቢያ ሰካች። ድምፁ ወጥቶ እዚያው ይመለሳል። ካርዱ ራሱ የሚያዘገየው ስንት እንደሆነ በዚህ ይታወቃል። ያ ሲቀነስ የሚቀረው፣ ድምፅ ግድግዳ ነክቶ እስኪመለስ የፈጀው ጊዜ ነው፤ ከእሱ የግድግዳው ርቀት ይሰላል።

ለአሰላው የሰርግ አዳራሽ ባለቤቶች እሷ የገደል ማሚቶ የምታስተካክል ባለሙያ ናት። ለስለላ መሥሪያ ቤቷ ደግሞ የምስጢር ስሟ «ሰርዶ» ነው።

የምትፈልገው ነስረዲንን ነው። ሹፌሩ ነስረዲን ባለቤቶቹ የጦር መሣሪያ እንደሚያዘዋውሩ ጠቁሟት ነበር። እዚህ ሲገባ ታየ። ሲወጣ ያየው የለም። ድብቅ ክፍል ካለ፣ የአዳራሹ ውስጥ ከውጩ ማጠር አለበት።

«የውስጡም የውጩም ልክ እኩል ነው» አለ የኋላሸት። ባልደረባዋ ነው፤ ኮምፒውተሩን ያዘጋጀውም እሱ። «ክፍል የለም። እንሂድ።»

«አንዴ ልድገመው።»

«አንቺ ግድግዳ ቢምልልሽም አታምኚም።»

የሙከራው ድምፅ እየተጫወተ ሳለ፣ አጥብቃ ልትሰካው ኬብሉን ነቀለች። ስክሪኑን አየች።

የመመለሻው መስመር አልጠፋም።

ኬብሉ እጇ ላይ ነው።

ድምፁ የሚመለሰው በኬብሉ አልነበረም። አንድ ሰው ኮምፒውተሩ ውስጥ አዙሮታል። ስለዚህ የካርዱ መዘግየት አይቀነስም፤ ግድግዳው ከእውነቱ ርቆ ይታያል፤ ድብቁ ክፍልም ይዋጣል።

ጥርሷን ነከሰች። ኬብሉን መልሳ ሰካች፣ መግቢያውን ወደ ካርዱ መለሰች፣ ለካች።

አዳራሹ አንድ ክፍል ያህል አጠረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለችው።

«ፀዲ፣ ልጆች አሉኝ። አስፈራሩኝ።»

«ነስረዲንስ? ከድንጋይ ነው የተወለደው? እዚህ ስትቀልድ ከግድግዳው ወዲያ ሆኖ ይሰማህ ነበር።»

እጁ ወደ ወገቡ ሄደ።

የውጩን ድምፅ ማጉያ እስከ መጨረሻው ከፈተችው። ረጅም ፉጨት። በር ላይ በቆመው አይሱዙ ውስጥ ያሉት ባልደረቦቿ ይህን ምልክት ሳይሰሙ አይገቡም። የኋላሸት እጅጌዋን ያዘ፤ ተቀደደ። በማይክራፎን ማቆሚያው መታችው። ሽጉጡ ወለሉ ላይ ተንሸራተተ።

ገቡ።

ግድግዳው ቀለም የተቀባ ቺፑድ ነበር። ነስረዲን ከኋላው ተገኘ፤ የቀኝ እጁ ጣቶች ተቀጥቅጠዋል። ከእንግዲህ መሪ አይጨብጥም።

«ወንድሜ» አለች።

«ቆየሽ» አላት።

ከዚያ ቀን በኋላ አሰላ ውስጥ ፀዲ የምትባል ባለሙያ የለችም። ወደ በቆጂ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ፣ አጠገቧ ከተቀመጡት እናት መርፌና ክር ለመነች።

«ምን ቀደደሽ ልጄ?»

«ሚስማር ነው እማማ።»

እጅጌዋን ሰፋች። ክሩን በጥርሷ በጠሰች፣ መርፌውን ክሩ ላይ ሰክታ መለሰችላቸው።