ያጣደፍኩት ኮምፒውተር

እኔ እንኳን በመንፈስ በአየር ትንበያም የማላምን ሰው ነኝ፣ ደባርቅ ውስጥ ቪዲዮ ቤቴን የሚያውቅ ሁሉ ይመሰክርልኛል፣ ኮምፒውተሩ ሲያስቸግረኝ ጠበል እርጨው የሚለኝ ጓደኛ አለኝ፣ እስከዛሬ ስቄበት አላበቃሁም። ስለዚህ ይህን ባታምነኝ አልቀየምህም።

እማማ ወለተ ማርያም የሚባሉ እናት ከመካነ ብርሃን መጡ፣ ባለቤታቸው መሪጌታ አርፈው አርባቸው ተቃርቧል፣ ከድምፃቸው የቀረው በስልክ የተቀዳ አንድ ዜማ ብቻ ነው። እሱ ጠርቶ፣ ፎቷቸው ታክሎበት፣ በማግስቱ ማለዳ የመካነ ብርሃኑ መኪና ሳይነሣ እንዲደርስላቸው ፈለጉ።

ኮምፒውተሬ አሮጌ ስለሆነ ኦቨርክሎክ አደረግኩት፣ ማለትም ፕሮሰሰሩን ፋብሪካው ከፈቀደለት ፍጥነት በላይ አስሮጥኩት። ይህ ነገር ቶሎ ያግላል፣ እኛ ግን ለማቀዝቀዣ አንጨነቅም፣ ክዳኑን ከፍተህ መስኮት ሥር ታስቀምጠዋለህ፣ የቀረውን የደባርቅ ብርድ ይጨርሰዋል። ጠዋቱን ሙሉ ፈተሽኩት፣ ንቅንቅ አላለም።

ዜማውን ስጭንበት ግን መሪጌታ አንዴ የሚያስሉበት ቦታ ሲደርስ ስታክ አደረገ። አጥፍቼ አስነሣሁት፣ እዚያው። ደግሞም እዚያው። ፍጥነት ሲበዛበት ኮምፒውተር ስታክ ማድረጉ ያለ ነው፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ግን አይቼ አላውቅም፣ ሙቀቱም ደህና ነበር። ስክሪኑ ደርቆ ሳለ፣ እመነኝ፣ ከስፒከሩ ዳገት የወጣ ሰው ትንፋሽ ይሰማ ነበር፣ ፋኑ ነው ብዬ ፋኑን ለአፍታ አቆምኩት፣ ትንፋሹ ቀጠለ፣ ስፒከሩን ነቀልኩት፣ ቀጠለ። ምን ይደበቃል፣ ፈራሁ።

እማማ ከገበያ ሲመለሱ በር ላይ ቆመው ሰሙት። አልደነገጡም።

«ልጄ፣ ምን እያደረግህባቸው ነው?»

ሥራው እንዲደርስ ኮምፒውተሩን እያፈጠንኩት እንደሆነ ነገርኳቸው።

«መሪጌታ ዜማ ላይ የሚያጣድፋቸውን ሰው አይወዱም» አሉ፤ «ተዋቸው፣ በእርጋታ ይሂዱ።»

ፍጥነቱን ወደ ነበረበት መለስኩት። እየተንቀረፈፈ ሄዶ ሳሉን አለፈ፣ አመሻሽ ላይ ጨረሰ። አብረን ስናዳምጠው፣ ከሳሉ በኋላ ዜማው ሊቀጥል ሲገባው፣ የመሪጌታ ድምፅ ቀስ ብሎ «ወለተ ማርያም፣ ደረስሽ?» አለ። ስልኩ ላይ ያለውን ወዲያው ከፍቼ ሰማሁ፣ ሳሉ አለ፣ ዜማው አለ፣ ጥያቄው የለም።

እማማ ነጠላቸውን አስተካክለው ወደ ኮምፒውተሩ ጎንበስ አሉ።

«ገና ነኝ መሪጌታ፣ ጥቂት ይታገሡኝ።»

ያቺን ጥያቄ ለተዝካሩ ሰው እንዳላሰማት ለመኑኝ፣ ከቪዲዮው ቆርጬ ለብቻዋ ስልካቸው ላይ ጫንኩላቸው፣ በማለዳው መኪና ሄዱ። እስካሁን ደህና ናቸው ይሉኛል። እኔ ግን ከመካነ ብርሃን ሰው በመጣ ቁጥር መጠየቄን አልተውኩም።