ከአዲስ ዓለም መልስ

ወይዘሮ ወርቅዬ አልጋዋ ላይ በነጠላዋ ተሸፍናለች። ለቅሶው ገና አልተጀመረም፤ የኮልፌ ጎረቤት ደጅ ቆሞ ይንሾካሾካል። መርዝ የገባበትን ቤት ደፍሮ የሚገባ አልተገኘም።

ሳሎኑ ውስጥ ዙበሪ በካቴና ታስሮ ወለሉ ላይ ተቀምጧል። ከታንዛኒያ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ የሚያጠና፣ ከሟች ቤት አንድ ክፍል የተከራየ ወጣት ነው። በዚህ አገር ነፍስ ያጠፋ እንደሚሰቀል ሰምቷል።

መርማሪው መቶ አለቃ ወዬሳ አስከሬኑን አይቶ ወጣና ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ማን ነው ይሄን ልጅ ያሳሰረው?»

«እኔ ነኝ» አለ ቀደም ሲል የሞተው የወርቅዬ ባል ወንድም፣ አቶ ገብረወልድ። «ምኒልክ ዋና ከተማ ሊያደርጓት የነበረችውን አዲስ ዓለምን ካላየሁ ብሎ ነዘነዛት። ጠዋት በኔ ሚሌቼንቶ መኪና ይዤያቸው ሄድኩ። ገና መንገድ ላይ ብስኩት ሰጣት። ስንመለስ ሆለታ ላይ ሆዴን አለች፤ እዚህ በራችን ላይ ሞተች።»

«ሌላስ ምን በልታ ነበር?»

«ፀዳለ የሠራችውን ዶሮ። እሱን ከአንድ ሳህን አብረን በላን፤ እኔ ይኸው ደህና ነኝ!»

ጥግ ላይ የቆመችው ፀዳለ ስሟን ስትሰማ ግድግዳውን ተደገፈች። ወርቅዬ ከሕፃንነቷ ጀምሮ እንደ ልጇ ያሳደገቻት ናት።

ወዬሳ ወደ ዙበሪ ዞረ። «ሰጥተሃታል?»

«አዎ ጌታዬ። ግን እኔም በላሁ።» የታሰሩ እጆቹን ወደ ወዬሳ ዘረጋ። «ለእናቴ ምን ብላችሁ ልትጽፉላት ነው?»

«እኔም በልቻለሁ!» አለች ወይዘሮ ዘይነባ፤ ጎረቤታቸው፣ አብራቸው የተጓዘች የጨርቅ ነጋዴ። «ለዚያውም ደግሜ። መርዝ ቢሆን ይሄኔ እኔም ተገንዤ ነበር።»

«የሷን ለይቶ ቢሆንስ የሰጣት?» አለ ገብረወልድ።

«ሟች ብስኩቱን ስትበላ አይተዋል?» ሲል ወዬሳ ዘይነባን ጠየቃት።

«ስትቀበለው ነው ያየሁ።»

«አዲስ ዓለም ማርያም ቤተ ክርስቲያን ስትደርሱስ?»

«እሷ ገባች፤ እኔ ውጭ ጠበቅኋት። ጠበል ጠጥታ፣ ፊቷን ታጥባ ወጣች። ከዚያ ምሳ ሆነ። እኔና ይሄ ልጅ የራሳችንን የእስላም ሥጋ ይዘን ስለነበር ከዛፉ ጀርባ ለብቻችን በላን።»

«እጅ ማን አስታጠበ?»

ገብረወልድ ሳቀ። «መቶ አለቃ፣ ሰው ሞቶ ስለ እጅ መታጠብ?»

«እኔ ነኝ» አለ ዙበሪ። «ታናሽ እኔ ነኝ። ከምሳ በፊት ሁለቱንም። ከምሳ በኋላ እማማን ብቻ። ጋሼ አልፈልግም ብለው መኪናው ውስጥ ገቡ።»

ወዬሳ ወጣና መኪናውን ከፍቶ አየ። ተመልሶ ወደ መኝታ ቤቱ ገባ። ሲወጣ እጁ ላይ አንድ ነገር ነበር። ሁሉንም በአንድ ላይ አስቀመጣቸው፤ በሩንም ዘጋ።

«ይሄ ከነጠላዋ ጫፍ ተቋጥሮ የተገኘ ነው» አለና ያልተነካውን ብስኩት ጠረጴዛው ላይ አኖረ። «ልጁን ላለማሳፈር ተቀበለችው፤ ግን ጠበል የምትጠጣ ሴት በባዶ ሆዷ ነው የምትሄደው። እዚያ ከደረሰች በኋላ የበላችው ዶሮውን ብቻ ነው።»

«ዶሮውንማ እኔም በላሁ አልኩ እኮ!»

«ዶሮ ወጥ በልተው ሳይታጠቡ ነዱ? የመኪናዎ መሪ ነጭ ነው፤ ጠብታ ወጥ የለበትም።»

«በመሃረብ ጠረግኩ።»

«ያሳዩኝ።»

ገብረወልድ ኪሱን ዳበሰ። ያወጣው መሃረብ ከነእጥፉ፣ ነጭ እንደሆነ ነበር።

«ወንዝ ዳር ወርጄ ታጥቤያለሁ።»

«የት ነው የወረድከው?» አለች ዘይነባ። «የትም ሳንቆም አይደል እንዴ የመጣነው!»

ወዬሳ ወደ ፀዳለ ዞረ። «ከዶሮው የተረፈ አለ?»

«እማማ ለኔ ብለው አስተርፈውልኝ ነበር» አለች። «ልበላው ስል እሳቸው ወደቁ።»

ሳህኑ መጣ። ወዬሳ ገብረወልድ ፊት አኖረው።

«ቀን በልተው ምንም ካልሆኑ አሁንም ምንም አይሆኑም። አንድ ጉርሻ ብቻ።»

ገብረወልድ እጁን ዘረጋ። ጣቶቹ እንጀራውን ሊነኩ ሲሉ ቆሙ። ግንባሩ ላይ ላብ ወረደ። ሁሉም ያንን እጅ ያያል።

«ይብሉ እንጂ።»

እጁን ሰበሰበ። «የወንድሜ ቤት ነው!» ብሎ ጮኸ። «የወንድሜን ቤት ለማንም ለማደጎ! እሁድ ሽማግሌ ሰብስቤ አወርሳታለሁ ትለኛለች! ጠበል ልትጠጣ ስትገባ መርዙን ወጡ ውስጥ የጨመርኩት ለዚህ ነው!»

ፀዳለ ከሳህኑ ሸሸች፤ እሷም ልትሞት እንደነበር የገባት ያኔ ነው።

በሩ ላይ የቆሙት ዘበኞች ገብተው ገብረወልድን ይዘው ወጡ። ወዬሳ ካቴናውን ቢፈታለትም ዙበሪ ከወለሉ አልተነሣም።

«ጌታዬ፣ አሁን ወዴት ልሂድ?»

«ወዴት ትሄዳለህ?» አለች ዘይነባ ዕንባዋን እየጠረገች። «እኔ ቤት ታድራለህ። ተነስ፣ ልጅቷንም ደግፋት። ብቻዋን መቆም አልቻለችም።»